ብዙ መለካት፣ ጥቂት መንካት፦ አዲስ የኮራል አኳሪየም ያስተማረኝ

አኳሪየሜ ገና ዓመት አልሞላውም። 100 ሊትር የጨው ውሃ፣ ደረቅ ሆኖ የገባ ድንጋይ፣ ስስ የአሸዋ ንጣፍ፣ ሁለት ክላውንፊሽ፣ ጥቂት ቀንድ አውጣዎችና ለጀማሪ የሚመከሩ ለስላሳ ኮራሎች (ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የባሕር እንስሳት) አሉት። ያየው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ዓሣዎቹ ነው፤ እኔ ግን ሥራዬ ውሃ መጠበቅ ነው። ውሃው ትናንት እንደነበረው ዛሬም ከዋለ፣ በውስጡ ያለው ሁሉ የራሱን ኑሮ ያውቅበታል።

ደረቅ ድንጋይ የመረጥኩት በምክንያት ነው። ከባሕር የወጣ ድንጋይ ባክቴሪያውን ተሸክሞ ስለሚመጣ ውሃውን ቶሎ ያደርሳል፤ ነገር ግን አይፕታሲያን የመሰለ፣ ጎረቤቱን የሚናደፍና አንዴ ከገባ በቀላሉ የማይወጣ ፍጡርም አብሮት ሊመጣ ይችላል። የደረቁ ድንጋይ ዋጋ ትዕግስት ነው። ዓሣ ሳላስገባ በጠርሙስ የተዘጋጀ ባክቴሪያ ጨምሬ፣ ምግብ እንዲሆነው አሞኒያን (ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ) በሊትር ወደ 2 ሚሊግራም አደረስኩት። አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። የጨመርኩት አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ዓሣ ለማስገባት ተዘጋጀሁ። ናይትራይቱ ገና ይታይ ነበር፤ አላሳሰበኝም። በጨው ውሃ ውስጥ የሞላው ክሎራይድ ናይትራይት ወደ ዓሣው ደም እንዳይገባ ስለሚሻማው፣ የሐይቅ ዓሣን የሚገድለው መጠን እዚህ ብዙም አይጎዳም። የሚያስቸግረው በሌላ በኩል ነው፦ ናይትራይት ባለበት ውሃ የናይትሬት መመርመሪያው ካለው በላይ ከፍ አድርጎ ያሳያል። በእነዚያ ሳምንታት ናይትሬት መለካት ትርፉ ድንጋጤ ብቻ ነው።

ከቁጥሮች ሁሉ አስቀድሜ የያዝኩት ጨዋማነትን ነው። ውሃ ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም። በሊትር 35 ግራም ጨው ካለው 100 ሊትር ውስጥ 5 ሊትር ቢተን የቀረው ውሃ ወደ 37 ይጠጋል። ስለዚህ የተነነው የሚተካው ጨው በሌለበት፣ በሪቨርስ ኦስሞሲስ በተጣራ ውሃ ነው፤ የጨው ውሃ የሚጨመረው ውሃ ሲቀየር ብቻ ነው። ይህን ሥራ ለትንሽ ፓምፕና ለሴንሰር ሰጠሁት። የመተኪያውን ውሃ የሚይዘው ዕቃ ግን 5 ሊትር ብቻ እንዲሆን አደረግሁ። ሴንሰሩ አንድ ሌሊት ተበላሽቶ ፓምፑ ያለውን ሁሉ ቢያፈስስ እንኳን ጨዋማነቱ ከ33 ብዙ አይወርድም። ትልቅ ዕቃ ደጋግሞ ከመሙላት ያሳርፋል፤ እኔ ግን እንቅልፌን መረጥኩ።

መለኪያው ራሱም መለካት አለበት። ጨዋማነትን የምለካበት ሪፍራክቶሜትር በንጹህ ውሃ ዜሮ ላይ ስላረፈ ብቻ 35 ላይ እውነቱን ይናገራል ማለት አይደለም። የማስተካክለው 35 መሆኑ በታወቀ ፈሳሽ ነው፤ ጠብታውን መስታወቱ ላይ አድርጌ፣ ክዳኑን አጥፌ፣ የአየር አረፋ አለመግባቱን ካየሁና ጥቂት ከታገስኩ በኋላ የሰማያዊውና የነጩ ድንበር 35 ላይ እስኪያርፍ ቡሎኗን በቀስታ አዞራለሁ።

ከዚያ አስቀያሚው ወቅት መጣ። መጀመሪያ አሸዋው ላይና መስታወቱ ላይ ቡናማ ብናኝ የመሰለ ነገር አረፈ። ይህ ዳያተም የሚባል ጥቃቅን አልጌ ነው፤ ሽፋኑን የሚሠራው ከሲሊካ ስለሆነ በአዲስ ውሃና በአዲስ አሸዋ ያለውን ሲሊኬት እየበላ ይስፋፋል፣ ሲያልቅበት ይቀንሳል። ቀንድ አውጣ የሄደበት መንገድ በቡናማው መስታወት ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፦ አፉ በግራና በቀኝ እየላሰ የተወው ጥርስ ጥርስ የመሰለ መስመር። ቀጥሎ አረንጓዴው መጣ፤ በመጨረሻም ድንጋዩ ላይ ፀጉር የመሰለ አልጌ በቀለ። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሁሉንም አጥቦ እንደገና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በእኔ ግምት ከዚህ የከፋ ውሳኔ የለም፤ ድንጋዩ ላይ መስፈር የጀመረው ሕይወት አብሮ ስለሚታጠብ ያው ወቅት ከመጀመሪያው ይደገማል። እኔ ፀጉሩን በእጄ እየነቀልኩ፣ ውሃ በምቀይርበት ቀን የወለቀውን በቱቦ እየሳብኩ ቆየሁ። በየሳምንቱ የምቀይረው 10 በመቶውን ብቻ ነው።

አልጌውን ለማስራብ ፎስፌት የሚመጥጥ ማጣሪያ እንዳስገባ የመከሩኝ ነበሩ፤ አልተቀበልኩም። ናይትሬትና ፎስፌት ሁለቱም ዜሮ ሲገቡ አልጌው ይዳከም ይሆናል፣ ነገር ግን ቦታውን ከእሱ የባሰው ዳይኖፍላጀሌት ሊወርሰው ይችላል። ንፍጥ የመሰለ ቡናማ ክር ነው፤ ጫፉ ላይ የአየር አረፋ ይይዛል፣ ማታ ይሳሳል፣ መብራት ሲበራ ተመልሶ ይወፍራል። አንዳንዱ ዝርያ መርዛማ ስለሆነ የበሉትን ቀንድ አውጣዎች ይገድላል። ኮራሎችም ቢሆኑ ጥቂት ምግብ ይፈልጋሉ። ናይትሬቱን በሊትር ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌቱን ከ0.05 እስከ 0.1 አካባቢ ይዤ ዓሣዎቹን ሳልሰስት መገብኩ። ውሃው ከተባለው በላይ ንጹህ ሲሆን ነው የምጠራጠረው።

ዓሣዎቹን ለየብቻ አቆይቼ ማስገባቴ አጭር ታሪክ ነው፤ ነጭ ነጥብ የሚባለው የባሕር ዓሣ በሽታ አንዴ ዋናው አኳሪየም ውስጥ ከገባ መድኃኒቱ መዳብ ነው፣ መዳብ ደግሞ ቀንድ አውጣንና ኮራልን ይፈጃል።

ኮራል ስንገዛ በእርግጥ የምንገዛው አብሮት የሚኖረውን አልጌ ጭምር ነው። ሰውነቱ ውስጥ የተጠለሉት ጥቃቅን አልጌዎች ከብርሃን የሠሩትን ስኳር ያካፍሉታል። ድንገት በደማቅ ብርሃን ሥር ሲያርፍ ያባርራቸውና ይነጣል። ስለዚህ አዲስ ገቢ ሁሉ መጀመሪያ ታች አሸዋው ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ላይ የሚወጣው በሳምንታት ልዩነት ነው። ዞአንቲድ የሚባሉትን፣ አበባ የመሰሉትን ኮራሎች ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አልነካም። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ ኃይለኛ መርዝ አላቸው። እነሱ የበቀሉበትን ድንጋይ ለማጽዳት ብሎ ማፍላት መርዙን ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሳንባ መጋበዝ ነው።

አሁን ትኩረቴ ወደ አልካላይኒቲ ዞሯል፤ ይህ በአብዛኛው ጠንካራ ኮራል አጽሙን የሚሠራበትን የካርቦኔት ክምችት የሚያሳይ ቁጥር ነው። የተፈጥሮ ባሕር ወደ 7 ዲ.ኬ.ኤች. (የአልካላይኒቲ መለኪያ አሃድ) አለው፤ እኔ 8 ላይ ይዤዋለሁ። 8 ይሁን 9 ብዙ ለውጥ የለውም፤ ከ8 ወደ 9 በአንድ ሌሊት መዝለል ግን ለኮራሉ ጉዳት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም፤ ድንጋይ የሚሠራ ፍጡር አልነበረማ። በቅርቡ ግን የኋላው መስታወት ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች መታየት ጀመሩ። ይህ ኮራላይን አልጌ ነው፤ እሱም እንደ ጠንካራ ኮራል ካልሲየምና ካርቦኔት ይወስዳል። ከዚያ ወዲህ በሁለት ውሃ ቅየራዎች መካከል አልካላይኒቲው ወደ 7.5 ይወርዳል። ውሃ መቀየር ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ እየቀረበ ስለሆነ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እየለካሁ የሚጎድለውን እመዘግባለሁ። በቀን ምን ያህል እንደሚበላ በትክክል ሳውቅ ያንኑ ያህል በየቀኑ እጨምራለሁ፤ ጠንካራ ኮራል መግዛቱ ከዚያ በኋላ ይታሰባል።