እየተታኮሱ መነጋገር

ዛሬ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ስንከራከር ዋልን። «እየተታኮሱ ድርድር ምን ይሠራል? ቴአትር ነው» አለኝ። መልስ አጣሁ። እልህ ይዞኝ ስለ ኮሪያ ጦርነት ድርድር ሳነብ አመሸሁ።

እውነቱን ለመናገር ቴአትርስ ነበረው። ድርድሩ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1951 ኬሶንግ ከተማ ላይ ሲጀመር፣ ሰሜን ኮሪያዎችና ቻይናዎች የተባበሩት መንግሥታትን ጦር ወክለው የመጡትን የአሜሪካኑን አድሚራል ጆይን ዝቅ ያለ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። አንዱ ወገን ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ባንዲራ ሲያቆም ሌላው ከሱ የሚረዝም ይዞ ከች! ነሐሴ ላይ ደግሞ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ሙሉ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ተፋጠው ተቀመጡ። ጎረምሶች እንጂ ጄኔራሎች አይመስሉም።

የምርኮኞቹ ጉዳይ ግን አያስቅም። አገሬ አልመለስም ያለ ምርኮኛ ይገደድ ወይስ አይገደድ? በዚህ ጥያቄ ከአንድ ዓመት በላይ ተጓተቱ። ኮረብታዎቹ ላይ ወጣቶች እያለቁ ነበር። እዚህ ጋ ስደርስ ጓደኛዬን ለመርታት የነበረኝ ጉጉት ቀዘቀዘ።

ድርድሩ ተቋረጠ፣ ተመለሱ። ደግሞ ተቋረጠ፣ ደግሞ ተመለሱ። ሚያዝያ 1953 ላይ፣ ስምምነቱ ገና ሳይፈረም፣ የታመሙና የቆሰሉ ምርኮኞች ተለዋወጡ። ነገ የምነግረው ይሄን ነው። ለእነዚያ ቁስለኞች ቴአትር አልነበረም።

ሐምሌ 27 ቀን ፓንሙንጆም ላይ ፈረሙ። ሳይጨባበጡ። ፊርማው ጠዋት 4 ሰዓት፣ ተኩሱ የሚቆመው ማታ 4 ሰዓት። በመሃል ያሉትን 12 ሰዓታት ግን አልነግረውም፣ ያሸንፈኛል።