ከኦፕቲክ ነርቭ ዕጢ ቀዶ ጥገና በኋላ የሬቲናን የደም ዝውውር እንዴት እንደማየው

ከኦፕቲክ ነርቭ (ዓይንን ከአንጎል ከሚያገናኘው ነርቭ) ላይ ዕጢ የወጣላቸው ታካሚዎች ጎንደር ለክትትል የሚደርሱት አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ሳምንታት ከቆዩ በኋላ ነው። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ደም የተቋረጠበት ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይነጣል፤ መሐሉ ስስ በመሆኑ ከሥሩ ያለው የኮሮይድ (በደም ስር የተሞላ ንብርብር) ደም ቀይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ግን ንጣቱ ይጠፋል። ያኔ የሚያይ ሰው «ሬቲናው ደህና ነው» ብሎ ካርዱ ላይ ይጽፋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አልለቅም። ጠብታ ሳይገባ ብሌኑን በባትሪ፣ ከዚያ የአይሪሱን (በብሌኑ ዙሪያ ያለውን ባለቀለም ክፍል) ጠርዝ በስሊት ላምፕ፣ ማለትም በዓይን ማጉያ መሣሪያ፣ አያለሁ፤ ብሌን ከሰፋ በኋላ ጠርዙ ላይ የበቀሉ ቀጫጭን ደም ስሮች በቀላሉ ይሰወራሉ። ቀጥሎ ብሌን የሚያሰፋው 1 በመቶ ትሮፒካማይድ ጠብታ፣ 20 ደቂቃ ጥበቃ፣ ከዚያ ሬቲናውን የማይበት 90 ዳዮፕተር ሌንስ።

የዲስኩ (ነርቩ ከዓይኑ ጋር የሚገናኝበት ክብ ቦታ) መንጣት ብቻውን ብዙ አይነግረኝም። ነርቩ ከተቆረጠ ደም ቢኖርም ባይኖርም በሳምንታት ውስጥ ይነጣል። የማምነው የደም ቅዳውን ውፍረት ነው። የሬቲና ማዕከላዊ ደም ቅዳ ከዓይን ኳሱ 10 ሚሊሜትር ያህል ወደ ኋላ ርቆ፣ ከሥር በኩል ነርቩ ውስጥ ይገባል። ነርቩ ከዚያ በስተኋላ ከተቆረጠ ዓይኑ ባያይም ሬቲናው ደም ያገኛል። ቅርንጫፎቹ ክር አክለው ከቀጠኑ ግን ደም ተቋርጦ ነበር ማለት ነው። ከተጠራጠርኩ በሌንሱ እያየሁ ኳሱን በዓይን ቆቡ ላይ በጣት ቀስ ብዬ እጫናለሁ፦ ጤነኛው ደም ቅዳ ጫን ሲሉት መምታት ይጀምራል፤ ገና ሲነካ የሚመታ ከሆነ ግፊቱ ደካማ ነው፤ ጨርሶ ካልመታ ደም አይደርስም። ቁስሉ ያልደረቀ ዓይን ላይ ይህን አልሞክርም። ፍሎሬሲን (በደም ስር ውስጥ የሚያበራ ቀለም) ከተገኘማ ክርክሩ ያልቃል፤ ክንድ ላይ ከተወጋ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ሬቲና መድረስ አለበት።

አሁን ከሪፈር ወረቀት የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ነርቩ የት ላይ እንደተቆረጠ፣ በማግስቱም ሬቲናው ምን ይመስል እንደነበር። ሁለተኛውን የሚጽፍ ጥቂት ነው።

ከደባርቅ የሚመላለሱ አባቶች «ላያይ ምን ያመላልሰኛል?» ይላሉ። ዕይታው አይመለስም፣ እውነታቸውን ነው። «እንዳያምዎት ነው አባቴ» እላለሁ። ደም ያጣ ሬቲና አይሪስ ላይ አዲስ ደም ስር ያበቅላል፤ እሱም የዓይኑን ውሃ መውጫ ዘግቶ ግፊቱን ያንረዋል። ይህ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ስለሚመጣ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እቀጥራለሁ፤ ጠርዙ ላይ ቀይ ክር ካየሁ ለሌዘር የምልከው በዚያው ሳምንት ነው።