እሳቱን ማን ይጠብቅ

ድሬዳዋ የደረስኩት በጠዋት ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ታኅሣሥ ለድሬ ደግ ነው፣ ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ሳይጣበቅ ትንቀሳቀሳለህ። ለገሃር አካባቢ አንዲት ጠባብ ቤት ገብቼ ፈጢራ በማር አዘዝኩ። ልጁ ሊጡን በዘይት በራሰ መዳፉ እየተጫነ አሳሳው። ሳብ አደረገው፣ ወረቀት እስኪመስል። እንቁላሉን አፈሰሰበትና በአራት አጠፈው። ፈጢራው ፊቴ ከተቀመጠ በኋላም ዓይኔ እጁ ላይ ነው። «አቦ ብላ እንጂ! ሲቀዘቅዝ ጎማ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው።

የሄድኩት እህቴ ጋ ነው። እትዬ ነው የምላት፤ በ7 ዓመት ትበልጠኛለች፣ ሐረር ነው የምትኖረው። «ለገብርኤል ዳቦ እደፋለሁ፣ ዘንድሮ እንዳትቀር» ብላ ደውላለች። እትዬ ስትደውል ምክንያት አይደረደርም።

ድሬ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ድረስ ሊወጣ ነበር፤ ተራራው ከበደና መስመሩ ሜዳውን ያዘ፣ ከተማዋም እዚያው በቀለች። አባዬ ይህን ሲያወራ ደስ ይለው ነበር። «ባቡሩ የፈራውን ዳገት እኛ በእግራችን እንወጣዋለን» ይላል። በእግሩ መውጣቱን ግን አይቼ አላውቅም። ሁልጊዜ የጭነት መኪና ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

እኔም ሚኒባስ ያዝኩ። ከድሬ ሐረር ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ደንገጎን ስትወጣ ጆሮህ ይደፈናል፣ ከዚያ ንፋሱ ይለወጣል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዳገቱ ሳያልቅ ነጠላቸውን ደረቡ። እኔ ሹራቤን ሻንጣ ውስጥ፣ ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ አድርጌያለሁ። ብልጥ ነኝ።

ዓለማያ ስንደርስ ወረድኩ። እርሻችን የነበረው እዚህ ነው፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ሐይቁ በሩቅ በሚታይበት በኩል። ሐይቁ እኔ ካደግኩ በኋላ ደርቆ፣ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆኖ ነበር። አሁን ውሃ ይዞ አየሁት። እርሻው ግን ሌላ ሰው እጅ ነው። አባዬ ማሽላና ድንች ያፈራረቀበት መሬት በሙሉ ጫት ሆኗል፣ ረድፍ በረድፍ። ጫቱን ልወቅስ አልችልም፤ የእኔ ደብተርና ጫማ የተገዛው ጓሮ ከነበሩት ጥቂት እግር ጫቶች ነው። ከአጥሩ ውጭ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ። ውሻቸውም አልወደደኝም።

ያኔ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነበር። እህሉ ይበላል፣ ቅጠሉን ከብት ይበላዋል፣ አገዳው ይነድዳል። ማሽላ ግን ብቻውን ዳቦ አይሆንም። ቂጣ ይሆናል፣ ገንፎ ይሆናል፤ ኩፍ በል ብትለው ይፈረካከሳል። የሚሳበው ስንዴ ነው፣ ስንዴ ደግሞ በብር ነው የሚገዛው። ስለዚህ እማዬ ትቀላቅላለች፤ ሁለት እጅ ስንዴ፣ አንድ እጅ ማሽላ። ዓመቱ ሲከፋ ግማሽ በግማሽ። ጥቁር አዝሙድና ድምብላል ትጨምርበታለች። ማታ አቡክታ ቡሃቃውን በአሮጌ ጋቢ ትጠቀልለዋለች። ጋቢው የእኔ ነበር። በገብርኤል ዋዜማ የምተኛው በእትዬ ብርድ ልብስ ጫፍ ነው።

ኮባ እኛ ጋ እንደ ልብ አይገኝም። አባዬ ሐረር ሲወርድ የሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ ያመጣል። እማዬ ቅጠሉን እሳት ላይ አለፍ አለፍ እያደረገች ታለዝበዋለች፣ ካልሆነ ይቀደዳል። ምጣዱ ላይ ታነጥፈውና ሊጡን ትገለብጥበታለች። ከዚያ እጇን ታጥባ ወደ ወጧ ትሄዳለች።

የቀረው የአባዬ ነው። ከታች ኩበት፣ ክዳኑ ላይ ፍም። በርጩማውን ስቦ ይቀመጣል፣ መቆስቆሻውን ጉልበቱ ላይ ያጋድማል፣ እስኪወጣ ድረስ አይነሳም። ጎረቤታችን ሆጃ ይዘውለት ይመጣሉ፤ የቡና ገለባ በወተት፣ ጨው ያለው። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ ለገብርኤል ዳቦ ግን የሚቀድማቸው የለም። ሲቆረስ መጀመሪያ ከሚላክላቸው ቤቶች አንዱ የእሳቸው ነው።

ሐረር የገባሁት ሲመሻሽ ነው። አወዳይ ላይ በጫት መኪኖች መሀል ብዙ ቆምን። ሸዋ በር ላይ ሴቶቹ ዳቦ በሰፌድ ደርድረው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው የጀጎል ግንብ አለ፤ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው። ባዶ እጄን ከምገባ ብዬ አንዱን ዳቦ ጫን ጫን አደረግኩት። ሻጯ «አቦ ጠይቅ እንጂ አትጨምቀው!» አለችኝ። አራት ገዛሁ። እትዬ ስታየው «ዳቦ ወደሚደፋበት ቤት ዳቦ ይዞ ይመጣል?» ብላ ስቃ ሞተች።

በማግስቱ ሊጡ ኩፍ ብሎ ከጎድጓዳው አፍ ሲደርስ መብራት ሄደ። እትዬ የኤሌክትሪክ መጋገሪያዋን አየችው፣ ሊጡን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«ሊጥ መብራት አይጠብቅም። ከሰሉን አያይዝ፣ እሳቱ ያንተ ነው።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እማዬ ስትጋግር አንቺ አልነበርሽ አጠገቧ?»

«እማዬ እኮ እሳት አታውቅም ነበር» አለች፣ ቅጠሉን እያለዘበች። «አባዬ ካረፈ በኋላ ድፎ ደፍታ ታውቃለች?»

ዝም አልኩ። አምባሻ ጋግራለች። ቂጣ ጋግራለች። ለገብርኤልም ከሐረር የተገዛ ዳቦ በልተናል። ያኔ ሐዘን ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ደግሞ እርጅና ነው አልኩ። ለሰው ሁሉ «የእማዬ ዳቦ» እያልኩ ስንት ዓመት አወራሁ! አባዬን አንድ ቀን አልጠራሁትም።

ማንደጃው ፊት ተቀመጥኩ። ታች ከሰል፣ ላይ አሮጌ የብረት ክዳን፣ ክዳኑ ላይ ፍም። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጥሩ ነበር። ከዚያ ስልኬ ጠራ፣ አነሳሁ፣ ወሬው ረዘመ። አባዬ ዱቄት ቆንጠር አድርጎ ክዳኑ ላይ ይበትን እንደነበር ትዝ ሲለኝ ዘግይቻለሁ። ዱቄቱ ቶሎ ከጠቆረ ፍሙ ይቀነሳል፤ ቀስ ብሎ ቡና ከመሰለ እሳቱ ልክ ነው። እኔ ስበትነው ወዲያው ጥቁር አለ። ፍሙን እፍ እያልኩ ጠረግኩ። ሽታው ግን ከታች ነበር የሚመጣው።

ስንገለብጠው ላዩ ወርቅ ነው። ታቹ ከሰል።

እትዬ ምንም አላለችም። ቢላዋ አምጥታ ሦስት ጊዜ አማተበችና ቆረሰችው። የጎረቤቶችን ድርሻ በሳህን ለየች፣ ደህና ደህናውን። ልጆቿን ሰጠች። ለራሷ ከመሀሉ ወሰደች። ከዚያ ያረረውን ታች ሰፋ አድርጋ ቆርጣ እኔ ፊት አስቀመጠችው።

«አባዬ እኮ ይህቺን ነበር የሚወስደው» አልኳት። «የሚጣፍጠው እሱ ነው ይል ነበር።»

«ይል ነበር» አለች። «ብላ።»