እንኳን አደረሳችሁ፤ ያልተከፈላችሁም ያልከፈላችሁም

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ! ይህን የምጽፈው የሰፈራችን ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ከደጅ ደጅ ሲዞሩ፣ የጎረቤቴም የዶሮ ወጥ ሽታ በመስኮቴ ሲገባ ነው። ድምፃቸው ከአምናው ጠንክሯል። ከበሮዋን የያዘችው ትንሿ ልጅ ምቱን አንዴም አልሳተችም። ደስ ይላል። በየዓመቱ በዚህ ቀን ለወዳጆቼና ለአንባቢዎቼ ጥቂት መስመር እጽፋለሁ፤ ስላነበብኳቸው መጻሕፍት፣ ስለ ጨረስኩትና ገና ስላልጨረስኩት ሥራ አወጋችኋለሁ። ዘንድሮ ግን አንድ ሰው አለ፤ እሱን አልፌ ወደ ሌላ ወሬ መሄድ አልሆነልኝም።

ብዙዎቻችሁ ወዳጄን በስሙ አታውቁትም፤ ጽሑፉን ግን ታውቁታላችሁ። በሬዲዮ የሰማችሁት የእናቶች ጤና ድራማ፣ ወረፋ ስትጠብቁ ያገላበጣችሁት በራሪ ወረቀት፣ አንድ ትልቅ ተቋም የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ለእንግዶቹ ያደለው ባለቀለም መጽሔት፣ አንድ ባለሥልጣን ከመድረክ አንብበውት ከልባችሁ ያጨበጨባችሁለት ንግግር የእሱ እጅ ነበረበት። ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የትም ሳይቀጠር በብዕሩ ብቻ ኖረ፤ በብዕሩ ቤት ተከራየ፣ አገባ፣ ልጅ አሳደገ። ሥራው ፍሪላንስ ይባላል። እናቱ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ስለ እሱ ሲጠየቁ «ሥራ እየፈለገ ነው» ይሉ ነበር።

ቀኑን አውቀዋለሁ፤ የእኔም ቀን ነውና። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይነሳል። በዚያ ሰዓት ስልክ አይጮኽም፣ ሰው ደጅ አይመታም። እስከ ንጋት የሚጻፈው የራሱ ነው፤ ማንም ያላዘዘው ልብ ወለድ። አንድ ሰዓት ላይ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳታል፤ ሲመለስ የታዘዘው ሥራ ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሦስተኛው ሥራ አለ፤ የደከሙበትን ገንዘብ ደጅ መጥናት። ይህን ሦስተኛ ሥራ ያልሠራ ሰው የእኛን ኑሮ አውቀዋለሁ ማለት አይችልም። ጽሑፉን ታስረክባለህ። ያዘዘህ ክፍል ሥራው መጠናቀቁን የሚገልጽ ደብዳቤ መጻፍ አለበት፤ ደብዳቤው ወደ ሒሳብ ክፍል ይመራል። ሒሳብ ክፍሉ የንግድ ፈቃድህንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርህን ኮፒ ይጠይቃል፤ ባለፈውም ሰጥተህ ነበር፣ አሁንም ትሰጣለህ። ከዚያ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ከዚያ ፈራሚው መስክ ወጥተዋል። ከዚያ ሰኔ 30 ይመጣና በጀት ይዘጋል፤ ያንተም ክፍያ ካለፈው ዓመት የተንከባለለ ዕዳ ሆኖ ሌላ ፈቃድ ይጠብቃል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ፈቃድና መለያ ቁጥር ካላቀረበ ሰው ክፍያ ላይ 30 በመቶ ይቀነሳል። ወዳጄ ፈቃዱን በየዓመቱ ያሳድሳል፣ ግብሩን በጊዜው ይከፍላል። አንድ መሥሪያ ቤት ግን የሰጠውን ኮፒ ጥሎበት 30 በመቶውን ቆረጠበት። ገንዘቡን ለማስመለስ የተመላለሰበት ጊዜ ጽሑፉን ለመጻፍ ከፈጀበት ይበልጣል።

የተሰናበትነው ዓመት ለሙያችን ክፉ ነበር። በጥምቀት ሰሞን አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ ሁሉም ያሰበው ስለ መድኃኒቱና ስለ እህሉ ነው፤ ማሰብም ይገባል። ከመድኃኒቱ ጀርባ ግን የሥልጠና መመሪያ የሚተረጉሙ፣ የጤና ትምህርት ለሬዲዮ የሚያዘጋጁ፣ ሪፖርት የሚያርሙ ሰዎች ነበሩ። እነሱ የማንም ሠራተኛ ስላልሆኑ የሥራ ስንብት ደብዳቤ እንኳ አልደረሳቸውም፤ ስልኩ ዝም አለ፣ በቃ። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ወረቀቱም ቀለሙም የኅትመቱም ዋጋ ሲወጣ የአንድ ገጽ የትርጉም ዋጋ ባለበት ቆሟል። በዚህ ላይ «ኮምፒውተሩ ተርጉሞታል፣ እናንተ ዓይናችሁን ብቻ ጣል አድርጉበት» የሚል አዲስ የሥራ ትእዛዝ መጣ፤ ክፍያውም ግማሽ። ያንን የተንጋደደ አማርኛ ማቃናት ከባዶ ከመተርጎም እንደሚከብድ በእጁ ያልሠራ ሰው አያምንም።

ወዳጄ በየካቲት አረፈ። የደም ግፊት ነበረበት። መድኃኒቱን እንዲበረክትለት ቀን እየዘለለ ይወስድ እንደነበር ባለቤቱ በኋላ ነገረችን። የሞተው በዚህ ምክንያት ነው አልልም፤ ሐኪም አይደለሁም። መድኃኒቱን እየዘለለ በሚውጥበት በዚያው ወር ግን በሦስት መሥሪያ ቤቶች ያልተከፈለ ገንዘብ ነበረው። ይህን አውቃለሁ፤ በገዛ እጁ ጽፎት አንብቤዋለሁና።

የቀብሩ ዋዜማ ማታ የሕይወት ታሪኩን እንድጽፍ ተነገረኝ። የመንደሩን ሰው ሁሉ የሕይወት ታሪክ ሲጽፍ የኖረው እሱ ራሱ ነው። ሰው ሞቶ «ነገ ስድስት ሰዓት ነው ቀብሩ» ከተባለ በሌሊት የሚደወለው ለእሱ ነበር። ለለቅሶ ቤት ዋጋ አልጠየቀም። «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» የሚለውን የተለመደ ዓረፍተ ነገር ከጻፈ በኋላ፣ ሁልጊዜ ለቤተሰቡ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፦ «ምን ሲሆን ነበር የሚስቁት?» መልሱን አንድ ቦታ ያስገባዋል። ለዚህ ነው በእኛ ሰፈር ቀብር ላይ ሰው እያለቀሰ ፈገግ የሚለው።

እኔም ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ። ከአባታቸው፣ ከእናታቸው፣ የተወለዱበት ቦታ፣ ትምህርታቸው፤ እስከዚህ ድረስ ተጻፈ። ከዚያ ሁላችሁም የምታውቁት ዓረፍተ ነገር መጣ፦ «ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት በዚህ መሥሪያ ቤት በቅንነትና በታማኝነት አገልግለዋል።» የማስገባው መሥሪያ ቤት የለኝም። አጎቱ «በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር በይና እለፊው» አሉኝ። ቀና ሰው ናቸው፤ ሐዘኑ ላይ ሌላ ሐዘን እንዳይጨመር ፈርተው ነው። እኔ ግን ማለፍ አልፈለግሁም። እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ለሙያ ጓደኞቻችን እየደወልኩ የጻፋቸውን ሥራዎች ሰበሰብኩ፤ ድራማውን፣ መመሪያውን፣ ንግግሩን፣ መጽሔቱን። በዚያ በመሥሪያ ቤቱ ስም ቦታ ደርድሬ አስገባኋቸው። ልጁን ምን ሲሆን እንደሚስቅ ጠየቅኋት። «የምግብ ቤት ዝርዝር ላይ የፊደል ግድፈት ሲያገኝ» አለችኝ። እሱንም ጻፍኩ። የዕድሩ ጸሐፊ በመቃብሩ አጠገብ ሲያነቡት ከሰዉ መሐል አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደ ባለቤቱ ተጠግታ «እኔ እኮ በዚያ መመሪያ ነው የሠለጠንኩት» አለቻት። ባለቤቱ ዛሬም ይህን ሳታነሳ አትውልም።

ከአርባው በኋላ አንድ ደብተር አወጣችልን። በመስመር የተከፋፈለ ነው፦ ሥራው፣ ያዘዘው ክፍል፣ ያስረከበበት ቀን፣ የተስማሙበት ዋጋ፤ የመጨረሻው ዓምድ ላይ «ተከፍሏል»። ብዙ ቦታ ያ ዓምድ ባዶ ነው። ከአንድ ገጽ በራሪ ወረቀት ትርጉም ጀምሮ ሙሉ መጽሔት ድረስ አለ። በአንዳንዱ ጎን «ከፋሲካ በኋላ ተብሏል»፣ «አዲስ ኃላፊ ተሹሟል፣ እንደገና መጀመር»፣ «ይህችን እንኳ ለልጄ ትምህርት ቤት» የሚል በእርሳስ ተጽፏል። ደብተሩን ይዘን ሦስት ሆነን መዞር ጀመርን።

የሰፈሩ ዕድር ገንዘቡን ያወጣው በዕለቱ ነው። ደብዳቤ አልጠየቀም፣ ማኅተም አልጠየቀም፤ ሰውየው አባል ነው፣ ሞቷል፣ ደንቡ ይህ ነው፣ ተቀበሉ። መሥሪያ ቤቶቹ ግን የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አምጡ አሉ፤ ሕጉ ነው፣ አመጣን። ያዘዘው ሰው ለቅቋል አሉ። መጽሔቱን ለእንግዳ አድለው ጨርሰው «ሥራው መረከቡን የሚያሳይ ሰነድ የለንም» ያሉም አሉ፤ አንዱን ቅጂ ከራሳቸው የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ አንስተን አሳየናቸው።

አሁን ምስጋናዬን ልጻፍ፤ ለዚህ ነው በዓሉን የጠበቅኩት።

ከመሥሪያ ቤቶቹ በአንዱ ለምትሠሪው፣ ስምሽን እንዳልጽፍ ለለመንሽኝ የሒሳብ ክፍል እናት፦ ሌሎቹ «ፋይሉ የለም» ሲሉን አንቺ ቅዳሜ መጥተሽ የድሮ ሰነድ ያለበትን ክፍል አስከፍተሽ፣ አቧራ ለብሰሽ ፋይሉን አወጣሽልን። «ፋይል አይጠፋም፤ የሚፈልገው ሰው ነው የሚጠፋው» ያልሽውን አልረሳውም። ዓመቱ ለልጆችሽ የደስታ ይሁን።

ለአራት ኪሎዋ የኮምፒውተር ጸሐፊ፦ ያንን ማንም የማያነበውን የእጅ ጽሑፉን ስታነቢለት የኖርሽው አንቺ ነሽ። ልብ ወለዱን ከስምንት ደብተር ላይ ለቅመሽ ጽፈሽ፣ ሒሳቡን ስንጠይቅሽ ተቆጣሽን። ሥራሽን ደንበኛ ያጨናንቀው።

በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖሪው እህታችን፦ የአባትሽን የሰማንያ ዓመት ታሪክ ጽፎልሽ ነበር። መሞቱን ስትሰሚ ማንም ሳይጠይቅሽ የቀረውን ክፍያ ከእነ ጭማሪው ላክሽ፤ አባትሽም ራሳቸው ደውለው ባለቤቱን አጽናኑ። ዕድሜያቸውን ያርዝመው።

ጽሑፍ በተቀበልክበት ሳምንት ለምትከፍለው የሬዲዮ አዘጋጅ፦ አንተ የምትሠራው ነገር ቀላል እንደሆነ ታስባለህ። በአንተ ምክንያት ስንት ቤት የወር ኪራይ በሰዓቱ እንደሚከፈል ብታውቅ ዛሬ ከማንም በላይ ደስ ይልህ ነበር። አብሮኝ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ለከረመው የመጽሔት ዲዛይነር ወዳጃችንም፣ ጉልበትህ ይታደስ። የራስህንም ያልተከፈለ ሒሳብ ዘንድሮ አብረን እንጠይቃለን።

ሕጉንም ሳላነሳ አላልፍም፤ ወጣት ጸሐፊዎች ስለምታነቡኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው አይሸፍንም። የዓመት ፈቃድ የለንም፣ የሕመም ፈቃድ የለንም። ወዳጄ ተቀጣሪ ቢሆን ኖሮ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ለጡረታው እየገባ ይቆይ ነበር። ስለዚህ ስምምነታችሁን በጽሑፍ አድርጉ፤ የመክፈያው ቀን በውሉ ላይ ይኑር፤ ከሥራው በፊት ቅድሚያ ክፍያ ጠይቁ፣ አትፈሩ። ደብተር ያዙ፤ የት እንዳስቀመጣችሁትም በቤታችሁ አንድ ሰው ይወቅ። እንደ እሱ ጠንቃቃ ባይሆን ኖሮ ዛሬ የምንጠይቀው ነገር ባልነበረን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ የደራሲን የኢኮኖሚ መብት ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። በትእዛዝ የጻፋቸው በውላቸው ላዘዙት መሥሪያ ቤቶች አልፈዋል። ያ በሌሊት የጻፈው ልብ ወለድ ግን እስከ 2067 ዓ.ም. ድረስ የቤተሰቡ ነው። እርማቱን እኔ ይዤዋለሁ። በዚህ ዓመት ይታተማል፤ ስሙም በሽፋኑ ላይ በትልቁ ይጻፋል።

ልጁ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ትገባለች። ከደብተሩ ላይ የሰበሰብነው ገንዘብ የመመዝገቢያዋንና የመጀመሪያውን መንፈቅ ክፍያ ሸፍኗል። ትናንት ማታ ደውላ እንኳን አደረሰሽ ስትለኝ በድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበረ፤ አዲሱን ቦርሳዋን ገልጻልኝ አልጨረሰችም። እንኳን አደረሰሽ የኔ ቆንጆ። እናትሽንም እንኳን አደረሰሽ በያት፤ ነገ ቡና አፍልታ ትጠብቀኝ።

ከደብተሩ ያልተዘጋ መስመር ገና አለ። የየትኞቹ መሥሪያ ቤቶች እንደሆነ እናንተ ኃላፊዎች ታውቃላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ይህን ታነባላችሁ። ለእናንተም ጤና፣ ሰላም፣ የሞላ ቤት ከልብ እመኛለሁ። አዲሱ በጀታችሁ ከሐምሌ ጀምሮ ተከፍቷል፤ የፍርድ ቤቱ ወረቀት በእጃችሁ ነው፣ ደብዳቤውም ተጽፏል፤ የቀረው አንድ ፊርማ ነው። ከመስቀል በኋላ ባለው ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሦስታችንም ደጃችሁ ላይ ነን። መልካም አዲስ ዓመት።