ፋንሾ የሚባለው ስም

ዛሬ ጠዋት በክሊኒኩ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ካርድ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ተራው የደረሰውን ሕመምተኛ በስሙ መጥራት ሥራዬ ነው። ይህኛው ስም ግን አሥራ ስድስት የላቲን ፊደላት የተሰለፉበት፣ አንዱ ሌላውን የሚገፋበት ነበር። እንደ ምንም ብዬ «ሚስተር ፌዘርስቶንሃውግ» አልኩ። ማንም አልተነሣም። ደግሜ ጠራሁ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጡ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉና «እኔን ከሆነ ፋንሾ ነው» አሉኝ።

ካርዱን እንደገና አየሁት። ይህቺ «ሾ» የት ተደብቃ ነበር?

እንግሊዝ አገር ስኖር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ ስሜን ሲያጠፉት የኖሩት እነሱ ነበሩ፤ በክፉ ማለቴ አይደለም፣ አፋቸው እንቢ ብሏቸው ነው። ጽጌ «ቲሲጅ» ትሆናለች። «ሚስ ገብረጻድቅ» ሲሉኝማ አባቴ ከኋላዬ የቆመ ይመስል አሁንም ዞር እላለሁ። ዛሬ ግን አጥፊዋ እኔ ሆንኩ። ይቅርታ ስጠይቃቸው ሳቁ፤ «አንቺ ቢያንስ እስከ መጨረሻው አንብበሽዋል፤ ሌላው መሐል ላይ ትቶት ይስላል» አሉኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ስሙን ሳገላብጥ አመሸሁ። መነሻው ሰሜን እንግሊዝ፣ ኖርዝምበርላንድ ነው፤ በደቡብ ታይን ወንዝ ዳር ፌዘርስቶን የሚባል አሮጌ ግንብ አለ። «ፌዘር» በዛሬው እንግሊዝኛ ላባ፣ «ስቶን» ድንጋይ ስለሆነ «የላባ ድንጋይ» ብዬ ልተኛ ነበር። የቦታ ስም አጥኚዎች ግን ላባውን አራግፈው ይጥሉታል። ቃሉን የሚያዛምዱት በጥንቱ እንግሊዝኛ «አራት» ከሚለው ጋር ነው፦ ሦስት ድንጋዮች ቆመው አራተኛውን ጠፍጣፋ በአናታቸው የተሸከሙበት ቦታ። ሦስት ጉልቻና ምጣድ! የእናቴ ማጀት ታየኝ፤ ጥላሸት የጠጡት ሦስቱ ድንጋዮች፣ አንደኛው ሁልጊዜ ትንሽ ዘመም ያለ። በስሙ ጫፍ ያለው፣ እኔ «ሃውግ» ያልኩት «ሆ» ደግሞ በወንዝ ዳር ያለ ለጥ ያለ መሬት ነው።

አፍ እያሳጠረው ሄደ፤ ብዕር ግን አልተከተለውም። ቾልሞንዴሊ ተብሎ ተጽፎ ቸምሊ እንደሚባለው ስም መሆኑ ነው። ደግሞም ደንብ ነው ብሎ መያዝ አይቻልም፤ ከዚሁ ስም ባለቤቶች መካከል ሁሉንም ዘርዝረው የሚጠሩ አሉ። ያለ መጀመሪያዋ «ኤ» የሚጽፉትም አሉ። ከእነዚህ አንዱ፣ በሱሴክስ አፕፓርክ የሚባለው ትልቅ ቤትና ርስት ጌታ የነበሩት ሰር ሃሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1825 ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ የወተት ቤት ሠራተኛቸውን አገቡ። ቤቱ ከእሷ ወደ እህቷ ሲያልፍ እህትየው ስሙንም አብራ ወረሰች። ስም ከርስት ጋር ሲተላለፍ ማየት ለእኛ ለአባት ስም ሰዎች እንግዳ ነገር ነው።

ከሁሉም ያሳቀኝ ግን ጆርጅ ዊሊያም ፌዘርስቶንሆ ነው። በአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያው የጂኦሎጂ ባለሙያ ነበር፤ በኋላ በፈረንሳይ ወደብ በለ አቭር የእንግሊዝ ቆንስል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1848 አብዮት ፈንድቶ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ሲሸሹ በመርከብ ያሾለካቸው እሱ ነው፤ አጎቴ ናቸው ብሎ። ለንጉሡ ያወጣላቸው ስም? ሚስተር ስሚዝ። የራሱን ስም ስንት ጊዜ ፊደል በፊደል ሲያስቆጥር የኖረ ሰው ለሌላው ስም ሲያወጣ ሌላ ምን ይመርጣል!

በእኛ ፊደል ስጽፈው ሦስት ሆሄ ብቻ፤ ፋ፣ ን፣ ሾ። ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ወዲያው ግን «ገና» ትዝ አለኝ፤ ላልቶ ሲነበብ «ገና ነው»፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል፤ ፊደሉ ምንም አይነግርም። ጽጌስ ብትሆን በጸሎቱ «ጸ» ወይስ በፀሐዩ «ፀ»? አባቴ በአንዱ፣ የትምህርት ቤት መዝገቤ በሌላው ነው የጻፉኝ።

ሽማግሌው የደም ምርመራ ውጤት ለመስማት ሐሙስ ይመለሳሉ። ከሥራ ከመውጣቴ በፊት ሦስቱን ሆሄያት በቢጫ ወረቀት ጽፌ ከኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ ለጠፍኳቸው። የማታው ተረኛ አይታ «ምን ሥዕል ነው?» አለችኝ።