መጠጥ ለማቆም የቀበሌ ደብዳቤ አያስፈልግም

ደሴ ወይም አካባቢዋ ሆናችሁ መጠጥ ለመተው የሚታገሉ ሰዎች የሚገናኙበት ቦታ የምትፈልጉ ከሆነ ከሁሉ በፊት ይህን እወቁ፦ ማንም የቀበሌ ደብዳቤ ሊጠይቃችሁ አይገባም። እኔን ጠይቀውኛል፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሕክምናው ቀላሉ ነበር። ካርድ አወጣሁ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ገባሁ፣ ደም ሰጠሁ፣ ዲያዜፓምና ቫይታሚን ቢ ዋን ታዘዘልኝ። መንቀጥቀጡ ቆመ። አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ ከሥራ ስወጣ ግን እግሬ ወደ አረቄ ቤት ሲያቀና የሚመልስ ክኒን የለም። ነርሷ "ብቻህን አትችለውም፣ ከመሰሎችህ ጋር ተገናኝ" ብላ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ላከችኝ።

እዚያ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "የምን ጉዳይ ነው?" አለ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኩት። እሱ ግን ማዶ ጠረጴዛ ላለችው ባልደረባው "አንቺ፣ የመጠጥ ሱሰኞች በማን በኩል ነው የሚስተናገዱት?" ብሎ ጮኸ። አግዳሚው ላይ ተራ ከሚጠብቁት አንዷ የሰፈሬ ሴት ነበሩ፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። መልሱ ምን ሆነ? "የሱስ ተጠቂ መሆኑ ይረጋገጥልን" የሚል የቀበሌ ደብዳቤ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ በላዩ ላይ ደግሞ "መጀመሪያ አቁምና ና።"

ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ስትጽፍ ከንፈሯ ዝም አይልም፦ "አቶ እገሌ... የመጠጥ ሱሰኛ... መሆናቸውን..." ከኋላዬ ለመታወቂያ የተሰለፈው ሁሉ ይሰማል። ማኅተሙን የያዘው ደግሞ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነው። እፍ እፍ ብሎ መታውና "አብሽር ወንድሜ፣ ሁሉም ያልፋል" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ከዚያ ወዲህ እድር ላይ "ጤናህ እንዴት ነው?" የማይለኝ ሰው ጠፋ። ደብዳቤውን አስገብቼ ያገኘሁት በብጣሽ ወረቀት የተጻፈ አድራሻ ነው። ቅዳሜ 8 ሰዓት ብሎኛል፣ ቅዳሜ 8 ሰዓት ሄድኩ፤ በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው "ኧረ እነሱ ከቀሩ ቆዩ!" አለኝ። የደብዳቤው ቀሪ አሁንም ቀበሌ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ይውጣልኝ ብል "ማመልከቻ ጻፍ" አሉኝ።

"አቁምና ና" የሚለውን ደግሞ በፍጹም አትስሙ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በራሱ ጊዜ ድንገት ሲያቆም በሰዓታት ውስጥ ማላብና መንቀጥቀጥ ይጀምረዋል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ሊያንፈራግጠው ይችላል፤ እስከ 4ኛው ቀን ድረስ የሌለ ነገር አይቶ የሚቃዥም አለ። ይህ ይገድላል። ጸበል የምትገቡም ብትሆኑ ግቡ፣ እኔም ገብቻለሁ፤ ግን ከመግባታችሁ በፊት ሐኪም ይያችሁ። በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ አክረን ከተማ አንድ የአክሲዮን ነጋዴና አንድ ቀዶ ሐኪም፣ ሁለቱም ጠጪዎች፣ የጀመሩት አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው የጠጪዎች መረዳጃ ማኅበር እንኳ ለአባልነት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መጠጥ የማቆም ፍላጎት። ክፍያ የለም፣ የአባት ስም የለም፣ ፎቶማ ጭራሽ። በኢንተርኔት የሚያደርጓቸው ስብሰባዎች አሉ፤ ሞክሬያቸዋለሁ። የነሱ 8 ሰዓት የእኛ 2 ሰዓት መሆኑን፣ የየአገሩ ሰዓት ልዩነት ደግሞ በዚያ ላይ እንደሚጨመር አትርሱ። ማዳመጡ ጠቅሞኛል፤ አንጀቴን በእንግሊዝኛ ማውጣት ግን አልሆነልኝም።

በመጨረሻ መንገዱን ያሳየኝ መድኃኒት ልወስድ ስመለስ ያገኘሁት ፋርማሲስት ነው። ወረቀቴን አይቶ፣ ሰው እስኪሄድ ጠብቆ፣ "ኮምቦልቻ እሁድ እሁድ የሚቀመጡ አሉ" አለኝ። ስለዚህ ቢሮ አትጠይቁ፤ በየቀኑ እንደኛ ዓይነቱን የሚያዩትን ነርሶችና ፋርማሲስቶች ጠይቁ፣ እሱንም ብቻቸውን ስታገኟቸው።

"ለቤታችሁ የሚቀርበውን ምረጡ" ይላሉ። እኔ ራቅ ያለውን እላለሁ። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ የሐረጎን ተራራ ቁልቁል በሚኒባስ ወርዶ የሚያውቅህ ሰው ሳይኖር መቀመጥ ትልቅ ነገር ነው። የቢራ ፋብሪካ ወዳለባት ከተማ መጠጥ ለመተው መውረዴ ያስቀኛል፤ ይሁን። አንድ ሙስሊም ወንድማችን ከዚያም አርቆ ነው የሚመጣው። እሱ ቤት መጠጣቱ ቀርቶ መተዉም ሊነገር አይችልም፣ ጠጥቶ ነበር ማለት ነውና። ቡናውን የምታፈላልን እህት ደግሞ አረቄ አውጪ ነበረች። ጥንካሬውን ለማወቅ ስትቀምስ ነው የጀመራት፤ ደንበኛ "ቀጥነሽብናል" ባለ ቁጥር ቅምሻው በረታ። አሁን በርበሬ ትነግዳለች፤ ከአረቄው ያነሰ እንደምታተርፍ አትደብቅም።

የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። ድግስ ላይ ጠላ ሲቀዳላችሁ እውነቱን ተናገሩ ይሉናል። እኔ ከዚያ ደብዳቤ ወዲህ፣ ጉዳዬን በማያውቁ ዘመዶች ዘንድ፣ የጨጓራ በሽተኛ ነኝ። "ሐኪም ከልክሎኛል" ስል ብርጭቆው ወደ ጎረቤቴ ያልፋል፣ ለእኔ ለስላሳ ይመጣልኛል።