ድርሰቱ ሲጻፍ ማየት

ጅማ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ለዓመታት ድርሰት ያስተማርኩት እኔ ራሴ እንደተማርኩት ነበር። ርዕስ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ወረቀት ሰብስቤ ቤት እወስድና በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ። ተማሪዎቹ ማርካቸውን አይተው ወረቀቱን አጥፈው ያስቀምጡታል። ያረምኩትን የሚያነብልኝ አልነበረም። ይሄ ያንገበግበኝ ነበር።

ጉግል ዶክስን የሞከርኩት ለዚህ ነው። በኢንተርኔት የሚሠራ መጻፊያ ነው፤ ብዙ ሰው አንድ ጽሑፍ ላይ አብሮ ይጽፍበታል፤ ጎን ላይ ደግሞ አስተያየት ይሰጣጣል። ክፍያ የለውም።

የመጀመሪያው ቀን አልተሳካም። አንድ ሰነድ በአንድ ጊዜ እስከ 100 ሰው ያስተናግዳል፤ እኔም ክፍሉን በሙሉ አንድ ሊንክ ላይ አስገባሁት። ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ሦስት ሦስት ሆነው ተቀመጡ። አንዱ የጻፈው በሌላው መሀል ይገባል፣ መስመሩ ይዘላል። በመጨረሻም አንድ ልጅ ሳያውቅ ሁሉንም መርጦ አጠፋው። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ልጁ ላብ አጠመቀው። ሰነዱ ቀድሞ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳየውን «የስሪት ታሪክ» ከፍቼ የቅድሙን ጽሑፍ መለስኩላቸው። አሁን የማስጀምረው ከዚህ ነው። ገና ምንም ሳይጻፍ፣ የጠፋ ጽሑፍ እንደሚመለስ አሳያቸዋለሁ። ፍርሃቱ ሲለቃቸው ብዙ ይጽፋሉ።

ከዚያ በኋላ አራት አራት ሆኑ፤ ለእያንዳንዱ ቡድን የራሱ ሰነድ። ሌላው ቡድን አስተያየት መስጠት እንጂ ጽሑፉን መንካት አይችልም፤ ሊንኩን የምልክላቸው አስተያየት ብቻ እንዲፈቅድ አድርጌ ነው።

ታይፕ ማድረጉ ፈተና ነበር። ቴሌግራም ላይ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ስለለመዱ የግዕዙ ፊደል ሲፈለግ ጊዜ ይሄዳል። ስለዚህ አንዱ ይጽፋል፣ ሌሎቹ ይነግሩታል፤ በየአስር ደቂቃው ይቀያየራሉ። ይሄ ያላሰብኩትን ጥቅም አመጣ። «ሐሳብ በሐመሩ ሐ ነው በሃሌታው?» እያሉ ይከራከራሉ። እኔ በቀይ ቀለም ስጮህ የኖርኩበት ጉዳይ የእነሱ ጉዳይ ሆነ።

አስተያየቱ ግን መጀመሪያ ላይ ባዶ ነበር። «አሪፍ ነው»፣ «በርቱ»፣ አለቀ። እኔም አንድ ሕግ አወጣሁ፦ አስተያየት በጥያቄ ምልክት ካላለቀ አይቆጠርም። አንድ ቡድን ጅማ አጠገብ ጅሬን ላይ ስላለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሲጽፍ «ቤተ መንግሥቱ በጣም ያምራል» ብሎ ነበር። ከሌላ ቡድን አንዷ ጎኑ ላይ «ምኑ?» ብላ ጻፈች። በቃ፣ አንድ ቃል። በነጋታው ስከፍተው ዓረፍተ ነገሩ ተለውጧል። «እንጨቱ ደረጃ ሲረገጥ ሲጥ ይላል። ከሰገነቱ ላይ ሆነን ጅማን ከላይ አየናት» ይላል። ያን ቀን ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። «አብራራ» ብዬ ስንት ወረቀት ላይ ጽፌያለሁ! እኩያቸው የጠየቀችውን ያህል የሠራ የለም።

ከሁሉ በላይ ያስተማረችኝ ግን ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ነች። አፍ የፈታችው በኦሮምኛ ነው። እያንዳንዱ ብቻውን በሚጽፍበት ሳምንት፣ ግቢያቸው ውስጥ ቡና ስለማስጣት ሦስት መስመር ጻፈች። ወረቀት ቢሆን «አጭር ነው» ብዬ ከአስር አራት እሰጣት ነበር። የስሪት ታሪኩን ስከፍት ግን አንዱን ዓረፍተ ነገር ሰባት ጊዜ ጽፋ አጥፍታዋለች። የመጀመሪያው ሙከራዋ ከመጨረሻው ይበልጥ ነበር! ስህተት እንዳይገኝባት ፈርታ ጥሩውን ጥላዋለች። አጠገቧ ተቀምጬ ያጠፋችውን አሳየኋትና «ይሄን ለምን ተውሽው?» አልኳት። «ቲቸር፣ ቃሉ አማርኛ መሆኑን አላወቅኩም» አለችኝ። ትክክለኛ አማርኛ ነበር። መለሰችው። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ የፊደል ስህተት አላርምም፤ መጀመሪያ ሐሳቡ ይውጣ።

መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክም ይሄዳል። ስለዚህ ያው ርዕስ በወረቀት ይጀመራል፣ ወረቀቱም አይጣልም። የቤት ሥራ ደግሞ በኦንላይን አልሰጥም። ስልክ የሌለው ተማሪ አለ፤ ያለውም ዳታ የሚሞላው ከቤተሰቡ አስቤዛ ላይ ነው። በዚህ አልደራደርም። ሥራው እዚያው በክፍለ ጊዜው ያልቃል።

በዚህ ሴሚስተር አንድ ነገር ጨመርኩ። እኔም ድርሰት ጻፍኩና ለተማሪዎቹ ከፈትኩት፤ ስለ አዌቱ ወንዝ ነው። የመጀመሪያው አስተያየት እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር፣ "ውብ ወንዝ" ያሉት ምኑን አይተው ነው?» በፕሮጀክተር እያዩኝ «ውብ» የሚለውን አጠፋሁና እንደገና መጻፍ ጀመርኩ።